የሕንፃ ቆጣሪዎችን በሬዲዮ ማንበብ፦ ከመጀመሪያው ዝርዝር እስከ ትክክለኛው ቁጥር

«ጌትዌዩን ሰቀልን፣ መሣሪያዎቹን ገጠምን፤ ከ40 ቆጣሪ ንባቡ የሚመጣው ግን የ31ዱ ብቻ ነው። ምን አጠፋን?»

ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። (ጌትዌይ ማለት የቆጣሪዎቹን የሬዲዮ መልእክት ተቀብሎ በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው።) ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው አይደለም። ሲግናሉ የተለካው የቆጣሪው ሳጥን ተከፍቶ ነው፤ መሣሪያው የሚሠራው ግን ሳጥኑ ተዘግቶ ነው። ወይም መልእክቱን የሚፈታው የምስጢር ቁልፍ ሲገለበጥ አንድ ፊደል ተዛንፏል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ፣ ሥራውን ከመነሻው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መመሪያው በአንድ ሕንፃ ውስጥ በየቤቱ ወይም በየቢሮው ያሉ የውሃ፣ የመብራት ወይም የጋዝ ቆጣሪዎችን በር ሳታንኳኩ ማንበብ ለምትፈልጉ ነው። የሕንፃ አስተዳዳሪም ሁኑ ኤሌክትሪሺያን ወይም የቧንቧ ባለሙያ፣ ሥራው ያው ነው።

የትኛውን ሬዲዮ ልምረጥ?

ምርጫው የሚወሰነው አሁን ባላችሁ ቆጣሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ፣ ከዚያ ግዙ።

ዋየርለስ ኤም-ባስ የሚባለው ብዙ ጊዜ ቆጣሪው ውስጥ አብሮ ተሠርቶ ይመጣል። ደረጃው ኢኤን 13757-4 ነው፤ በአውሮፓ በዋናነት በ868 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል። ቆጣሪው ማንም ሳይጠይቀው በየተወሰነ ሰከንድ ወይም ደቂቃ ንባቡን ይለቃል፤ የእናንተ ተቀባይ ማዳመጥ ብቻ ነው ያለበት። ቆጣሪዎቻችሁ ይህ ካላቸው ሌላ ነገር አትፈልጉ። ድክመቱ አርማታ ላይ ነው። ጥቂት ፎቅ ካለፈ በኋላ ስለሚደክም፣ ረጅም ሕንፃ ላይ ከአንድ በላይ ተቀባይ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሎራዋን ደግሞ ፐልስ (በየተወሰነ ፍጆታ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ምት) የሚያወጣ ተራ ቆጣሪ ላላቸው ይመቻል። ቆጣሪው ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞጁል ይገጠማል፤ ሞጁሉ ፐልሱን ይቆጥርና በሬዲዮ ይልካል። መልእክቱ አጭርና ቀርፋፋ ነው። ግድግዳን የሚያልፈውም በዚሁ ቀርፋፋነቱ ነው። ብዙ ሕንፃ ላይ አንድ ጌትዌይ ይበቃል።

ሦስተኛው ኤንቢ-አይኦቲ ነው። ጌትዌይ አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ከቴሌኮም ማማ ጋር ይገናኛል። ነገር ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ሲም ይፈልጋል፣ ምድር ቤቱም ውስጥ ኔትወርክ መኖር አለበት። ቆጣሪዎቹ በተራራቁ ሕንፃዎች ተበታትነው ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ለተሰበሰቡ ቆጣሪዎች ግን ከላይ ካሉት ሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ።

የሬዲዮ ድግግሞሹ በየአገሩ ይለያያል። ሎራዋን በአውሮፓ 868፣ በሰሜን አሜሪካ 915 ሜጋ ኸርዝ ላይ ነው። ሞጁሉም፣ ጌትዌዩም፣ አንቴናውም ለአንድ ድግግሞሽ የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ያም ድግግሞሽ ባላችሁበት አገር የተፈቀደ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለቆጣሪው የሚስማማ የፐልስ ሞጁል፣ ወይም ሬዲዮ አብሮት ያለ ቆጣሪ
- ጌትዌይ (ለኤም-ባስ ከሆነ ተቀባይ)፣ ከአንቴናውና ከኃይል አቅራቢው ጋር
- ኢንተርኔት፤ ከተቻለ በገመድ
- መረጃውን የሚቀበል ሰርቨር፤ ለሎራዋን ቺርፕስታክን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ይሆናል
- የሲግናል መሞከሪያ፤ ከሌላችሁ ከምትገጥሟቸው ሞጁሎች አንዱ ይበቃል
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የገመድ ማሰሪያ፣ የእጅ ባትሪ
- ካሜራ ያለው ስልክ
- የማይለቅ እስክሪብቶና ተለጣፊ ወረቀት

ሥራ ሳትጀምሩ እነዚህን አንብቡ

የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ እጃችሁን የምታስገቡት ፈቃድ ያላችሁ ኤሌክትሪሺያን ከሆናችሁ ብቻ ነው። ካልሆናችሁ ባለሙያ አስመጡ። በተለይ ትልልቅ ቆጣሪዎች ላይ ያለው የከረንት ትራንስፎርመር (ትልቁን ከረንት አሳንሶ ለቆጣሪው የሚሰጥ መሣሪያ) ጭነት እያለ የውጤት ገመዱ ከተነቀለ ጫፎቹ ላይ ገዳይ ቮልቴጅ ይፈጠራል።

የጋዝ ቆጣሪ አጠገብ የሚገጠም ሞጁል ጋዝ ሊፈነዳ ለሚችልበት አካባቢ የተፈቀደ መሆን አለበት። ተራውን ሞጁል «ባትሪ ብቻ ነው፣ ምን ያመጣል» ብላችሁ አትጠቀሙ። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

የአገልግሎት ሰጪው ማኅተም ያለበትን ቆጣሪ አትክፈቱ። ማኅተሙ ከተነካ ንባቡ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል፤ እናንተም ትጠየቃላችሁ። ሞጁል መጨመር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ሞጁሎቹ ውስጥ በብዛት ያለው 3.6 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። ቻርጅ ለማድረግ መሞከር፣ ማሞቅ ወይም ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ሊያፈነዳው ይችላል።

ጌትዌይን ያለ አንቴና አታብሩት። የሚያስተላልፈው ኃይል መውጫ ሲያጣ ወደ ራሱ ተመልሶ የሬዲዮውን ክፍል ሊጎዳ ይችላል።

አሠራሩ

1. ቆጣሪዎቹን አንድ በአንድ መዝግቡ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሕንፃውን በእግራችሁ ዙሩ። ለእያንዳንዱ ቆጣሪ የሚከተለውን ጻፉ፦ የት እንዳለ፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ፣ አሁን የሚያሳየው ንባብ፣ የፐልሱ ዋጋ፣ ሳጥኑ ከምን እንደተሠራ። የቆጣሪውን ፊት ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩም መለያውም አንድ ፎቶ ውስጥ ይታዩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሬዲዮ የቤት ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው የመለያ ቁጥር ብቻ ነው። ይህ ዝርዝር ከተሳሳተ የአንዱ ቤት ውሃ በሌላው ሂሳብ ላይ ይገባል። ስርዓቱም ስህተቱን ፈጽሞ አይነግራችሁም፤ ቁጥሩ በየሰዓቱ ሳያቋርጥ ይመጣልና።

እዚህ ላይ አንድ ማረጋገጫ አትዝለሉ። «ይህ የ302 ቁጥር ቤት ቆጣሪ ነው» ሲሏችሁ ቤቱ ውስጥ አንድ ቧንቧ አስከፍቱና የቆጣሪው መንኮራኩር ሲዞር በዓይናችሁ እዩ። ቧንቧው ሲዘጋ መቆሙንም እዩ። ከቆጣሪው በላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ከዓመታት በፊት በተሳሳተ ሰው ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

2. የፐልሱን ዋጋ ከቆጣሪው ላይ አንብቡ

የውሃ ቆጣሪ በአንድ ፐልስ 1፣ 10 ወይም 100 ሊትር ሊቆጥር ይችላል። የመብራት ቆጣሪ ላይ ደግሞ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፎ ይገኛል፤ 1000 የተለመደ ነው። በከረንት ትራንስፎርመር የሚሠራ ከሆነ ማባዣውንም መዝግቡ። ለምሳሌ 100 ለ5 ከሆነ ማባዣው 20 ነው። ቆጣሪው ማባዣውን ራሱ ካላካተተ 12.4 ሲያሳይ የተበላው 248 ኪሎዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ቆጣሪ ራሱ አባዝቶ ያሳያል፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አታባዙ።

3. ቁልፎቹን ከአቅራቢው በፋይል ተቀበሉ

የዋየርለስ ኤም-ባስ ቆጣሪ ብዙ ጊዜ መረጃውን በኤኢኤስ-128 አመስጥሮ ነው የሚልከው። ቁልፉ 32 ፊደልና ቁጥር አለው። ያለ ቁልፉ መልእክቱ ይደርሳችኋል፣ ውስጡን ግን ማንበብ አትችሉም። ሎራዋንም እንዲሁ ነው፦ 16 ፊደልና ቁጥር ያለው ዴቭኢዩአይ የሚባል መለያ፣ እና 32 ያለው አፕኪ የሚባል ቁልፍ አለው።

እነዚህን ከወረቀት ላይ በእጅ አትገልብጡ። 8ን ከቢ፣ ዜሮን ከዲ ጋር ማምታታት በጣም ቀላል ነው። አቅራቢው በሠንጠረዥ ፋይል እንዲልክላችሁ ከግዢው በፊት ተስማሙ፤ ከተከፈለ በኋላ ቁልፍ መለመን አድካሚ ነው። ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፉት። በቡድን መልእክት አታሰራጩት።

4. ሲግናሉን ሳጥኑ ተዘግቶ ለኩ

በመጀመሪያው ጥያቄ ከ40ው የጎደሉት ዘጠኙ ቆጣሪዎች የጠፉት እዚህ ነው።

የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። −80 ከ−110 በጣም ይሻላል። በየ10 ዝቅ ሲል ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ይህን በአእምሯችሁ ይዛችሁ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ።

በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ወፍራም የብረት በር ያለው የቆጣሪ ሳጥን ነበር። መሞከሪያውን ውሃ ቆጣሪው ላይ አስቀመጥኩ፤ −84 አለ። ማንም ሰው «ግሩም ነው» ብሎ ያልፋል። በሩን ዘግቼ፣ መቀርቀሪያውን ገፍቼ፣ ከጌትዌዩ ጋር የተገናኘውን ስልክ አየሁ። −109። ልዩነቱ 25 ነው፤ ኃይሉ ከ300 ጊዜ በላይ ወርዷል ማለት ነው። የቀየርኩት ነገር በሩን መዝጋት ብቻ ነው። የሞጁሉን አንቴና በገመድ አውጥቼ ከሳጥኑ ጎን ስለጥፈው፣ በሩ እንደተዘጋ −88 ሆነ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

ጌትዌዩን ሊሰቀል በታሰበበት ቦታ በጊዜያዊነት አስቀምጡና አብሩ። መሞከሪያውን ወደ እያንዳንዱ ቆጣሪ ውሰዱ፤ ሞጁሉ በሚገጠምበት ትክክለኛ ቦታ ላይ አድርጉት። ሳጥኑን ዝጉ። የክፍሉንም በር ዝጉ። ከአጠገቡ ራቁ፤ ሰውነታችሁ ራሱ ሲግናል ይውጣል። ቢያንስ አምስት መልእክት እስኪደርስ ጠብቁና ዝቅተኛውን መዝግቡ። አማካዩን አትመኑ፤ መኪና ማቆሚያው ሲሞላ የሚሆነውን የሚጠቁማችሁ ዝቅተኛው ነው።

ለሎራዋን ከጥንካሬው ጋር የጥራት መጠኑን፣ ማለትም ሲግናሉ ከጩኸቱ አንጻር ያለበትን ደረጃም እዩ። ፈጣኑ ፍጥነት (ኤስኤፍ7) እስከ −7.5 ዴሲቤል ድረስ ይነበባል፣ ቀርፋፋው (ኤስኤፍ12) እስከ −20። ከወሰኑ በላይ 10 ያህል ትርፍ ይኑራችሁ። ዛሬ ወሰኑ ላይ ሆኖ የሚሠራ ቆጣሪ፣ አንድ ሰው ፊቱ የብረት ቁም ሳጥን ያቆመ ቀን ይጠፋል።

5. የጌትዌዩን ቦታ በልኬቱ ወስኑ

ከጣሪያ ላይ ከፍ ማለት ለሜዳ ይጠቅማል፤ ቆጣሪዎቹ ምድር ቤት ላሉበት ሕንፃ ግን ሁሉንም ወለሎች መሐል ላይ አስገባችሁበት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሻለው መሐል ፎቅ ላይ፣ የደረጃው ክፍት ቦታ ወይም ቧንቧዎቹ የሚወርዱበት ክፍት መስመር አጠገብ ነው። ሬዲዮው በዚያ ክፍተት ቁልቁል ይወርዳል።

አንቴናው ቀጥ ብሎ ይቁም። ከሊፍት ማማ፣ ከብረት ዘንግና ከትልቅ የውሃ ታንከር ይራቅ። ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ከብረት ነፃ ቦታ ስጡት። የአንቴና ገመዱ አጭር ይሁን፤ ገመድ በረዘመ ቁጥር ሲግናል ይበላል። ጌትዌዩን አንቴናው አጠገብ አስጠግታችሁ የኢንተርኔት ገመዱን ብታስረዝሙ ይሻላል።

ሶኬቱ ማንም ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የማይነቅለው ይሁን። ይህን የምለው ከልቤ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ትንሽ መጠባበቂያ ብትጨምሩለት ጥሩ ነው።

6. መሣሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስመዝግቡ

ወደ ቆጣሪው ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም ሞጁሎች ከጌትዌዩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። መለያና ቁልፋቸውን ከፋይሉ ወደ ሰርቨሩ አስገቡ፣ አንቁአቸው፣ እያንዳንዱ መልእክት መላኩን እዩ። ከዚያ የቤቱን ቁጥር በተለጣፊ ጻፉበት።

እዚህ የማይሠራ ሞጁል ምድር ቤትም አይሠራም። ጠረጴዛ ላይ ከሠራና ሳጥኑ ውስጥ እምቢ ካለ ደግሞ ቁልፉን መጠርጠር የለባችሁም፤ ችግሩ ሲግናል ነው። የሁለቱን ስህተት መለየት ብዙ ሰዓት ያተርፍላችኋል።

ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ የቆየ ሊቲየም ባትሪ የመጀመሪያው ጭነት ላይ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ሙከራ ላይ እምቢ ቢል ጥቂት ጊዜ ደጋግሙት።

7. ሞጁሉን ግጠሙና የመነሻ ንባቡን አስገቡ

ሞጁሉን ቆጣሪው ላይ በተዘጋጀለት ቦታ አስቀምጡ፤ እስኪጠብቅ እሰሩት። የፐልስ ገመድ ከሆነ ቀለሙን ከመመሪያው ጋር አመሳክሩ፤ መገጣጠሚያውን እርጥበት እንዳይገባው አሽጉ። የመብራት ቆጣሪ ብልጭታ የሚያነብ ከሆነ ዓይኑ በትክክል ከመብራቱ ፊት ይሁን፤ ከውጭ ብርሃን እንዳይገባ በጥቁር ናስትሮ ሸፍኑት።

ሞጁሉ በማግኔት የሚነቃ ከሆነ ቆጣሪው ላይ ከመግጠማችሁ በፊት አንቁት። ማግኔቱ ቆጣሪው አጠገብ ሲደርስ ያልፈሰሰ ውሃ ሊያስቆጥር ይችላል።

አሁን የቆጣሪውን ፊት አንብቡና ያንኑ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ መነሻ አድርጋችሁ አስገቡ። የፐልስ ሞጁል ከተገጠመበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ የቀድሞውን አያውቅም። የውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ከነጥብ በኋላ ያሉት ናቸው። በዚያችው ደቂቃ ፎቶ አንሱ። ነዋሪው ከወራት በኋላ ሲጠይቅ የምታሳዩት ይህንን ነው።

8. የመላኪያ ጊዜውን ወስኑ

ለወርሃዊ ሂሳብ በቀን አንድ ንባብ ይበቃል። የውሃ መፍሰስ ለመያዝ ከፈለጋችሁ በየሰዓቱ ይሁን። ከዚያ በላይ ማብዛት ባትሪ መጨረስ ነው።

ፍጥነቱም ባትሪውን ይነካል። 20 ባይት መረጃ ያለው የሎራዋን መልእክት በኤስኤፍ7 አየር ላይ 72 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ በኤስኤፍ12 ደግሞ 1.8 ሰከንድ ገደማ። 25 እጥፍ ነው። ሞጁሉ ሲግናሉ ጥሩ ሲሆን ራሱ ፍጥነቱን እንዲጨምር የሚያደርገውን ቅንብር አብሩት፤ ቆጣሪ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ በደንብ ይሠራል። በአውሮፓ 868 ላይ ደግሞ ሞጁሎቹ በሚጠቀሙባቸው ዋና መስመሮች አንድ መሣሪያ ከሰዓቱ 1 በመቶ፣ ማለትም 36 ሰከንድ ብቻ ነው ማስተላለፍ የሚፈቀድለት።

ሁሉም ሞጁሎች በአንድ ደቂቃ ላይ እንዲልኩ አታድርጉ፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ። እያንዳንዱን መልእክት «ደርሷል» የሚል መልስ እንዲጠይቅም አታድርጉ። ጌትዌዩ መልስ እየላከ ባለበት ቅጽበት ሌሎቹን አይሰማም።

9. ከ24 ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ አመሳክሩ

መልእክት መድረሱ ንባቡ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በማግስቱ ሂዱና የቆጣሪውን ፊት ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ።

ለምሳሌ ትናንት ቆጣሪው 347.218 ሜትር ኩብ ነበር። ፐልሱ 10 ሊትር ነው። ሞጁሉ 85 ፐልስ ልኳል። 850 ሊትር፣ ማለትም 0.850 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው 348.068 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከ10 ሊትር ያነሰ ልዩነት ችግር የለውም፤ ገና ያልሞላ ፐልስ ነው። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ከሆነ የፐልሱ ዋጋ ተሳስቷል። እጥፍ ድርብ ከሆነ አንዱ ፐልስ ሁለቴ እየተቆጠረ ነው፤ የሞጁሉን የማጣሪያ ቅንብር እዩ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ የሁሉንም ንዑስ ቆጣሪ ፍጆታ ደምሩና ከዋናው ቆጣሪ ጋር አወዳድሩ። ድምሩ ከዋናው መጠነኛ ቢያንስ የጋራ ቧንቧ ወይም ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። ከዋናው ከበለጠ ግን ማባዣ ወይም የፐልስ ዋጋ የሆነ ቦታ ተሳስቷል፤ ሂሳብ ከመላካችሁ በፊት ፈልጉት።

10. ማንቂያና ጥበቃ አዘጋጁ

ሦስት ማንቂያ ይበቃል፦ ቆጣሪ ለ48 ሰዓት ዝም ካለ፣ ባትሪ ከቀነሰ፣ እና ሌሊት ሁሉም ሰው ተኝቶ የውሃ ፍጆታው ዜሮ ካልነካ። የመጨረሻው የሚያንጠባጥብ ሽንት ቤት ያሳያችኋል።

የሰዓት በሰዓት ንባብ ሰው ቤቱ መኖር አለመኖሩን፣ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ለእረፍት እንደሄደ ይናገራል። ስለዚህ መረጃውን ማየት ያለበት ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው፤ ነዋሪዎችም ምን እንደሚሰበሰብ አስቀድሞ ይነገራቸው። ከፋብሪካ የመጣውን የጌትዌይ ይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- መልእክት ይመጣል፣ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የምስጢር ቁልፉ የሌላ ቆጣሪ ነው። መለያውን ከፋይሉ ጋር እንደገና አመሳክሩ።
- የኤም-ባስ ቆጣሪ አጠገቡ ሆናችሁም አይሰማም። ቆጣሪው በአንድ ሞድ ይልካል፣ ተቀባዩ ሌላ ሞድ ላይ ነው። ኤስ፣ ቲ እና ሲ የሚባሉ ሞዶች አሉ፤ አመሳስሏቸው።
- የጎረቤት ሕንፃ ቆጣሪዎች ይታያሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ የኤም-ባስ ቆጣሪ ለሁሉም ነው የሚናገረው። በመለያ ቁጥር አጣሩና የእናንተ ያልሆነውን አታስቀምጡ።
- ሲግናሉ ሁሉም ቦታ ደካማ ነው። የአንቴናውን ማያያዣ እዩ። ኤስኤምኤ እና አርፒ-ኤስኤምኤ የሚባሉት ከውጭ ይመሳሰላሉ፣ ይጠብቃሉም፤ መሐላቸው ያለው መርፌ ግን አይገናኝም።
- ጉድጓድ ውስጥ ያለ የውሃ ቆጣሪ ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቷል፤ ውሃ ሲግናል ይውጣል። አንቴናውን ወደ ክዳኑ ጠርዝ ከፍ አድርጉት።
- የቀን ፍጆታው ሁልጊዜ በሰዓታት ይዛነፋል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዘግባል፣ ሪፖርቱ በአካባቢ ሰዓት ይወጣል። አንዱን ምረጡ።
- ቆጣሪ ተቀየረ፣ ንባቡ ቁልቁል ወረደ። የአሮጌውን የመጨረሻ ንባብና የአዲሱን መነሻ በአንድ ቀን መዝግቡ፤ መለያውንም ዝርዝሩ ላይ ወዲያው ቀይሩ።